«የግንዛቤ እጥረት» መልስ አይደለም፦ የሶሺዮሎጂ ጀማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶሺዮሎጂ ሲጀመር ቀላል ይመስላል፤ ተማሪውን የሚጥለውም ይኸው ነው። ፊዚክስ ክፍል የገባ ሰው ምን እንደማያውቅ ከመጀመሪያው ሳምንት ይገባዋል። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሃይማኖት ሲነሣ ግን ሁሉም አስተያየት አለው፤ አስተያየቱንም ዕውቀት አድርጎ ፈተና ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ከደጀን፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ገጠር ተነሥቶ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ስለ ገበሬ ኑሮ ከሞጁሉ አብልጦ አይቷል። አንዳንዱ ይህን ሀብት ግቢው በር ላይ ጥሎት ይገባል። ሌላው ደግሞ አንድም ጥያቄ ሳያነሣበት እንዳለ ይዞት ይገባል። ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማገኛቸውን ስህተቶች፣ የባሰውን አስቀድሜ ላንሣ።

ሁሉን ነገር በግንዛቤ እጥረት ማስረዳት

ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለምን አልጠፋም? «በኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ምክንያት።» ወጣቱ ለምን ይሰደዳል? «የግንዛቤ እጥረት።» መጸዳጃ ቤት ለምን አልተቆፈረም? ያው ነው። መፍትሔውም ተከትሎ ይመጣል፤ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ይህ የስብሰባ አዳራሽ ቋንቋ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያስጨበጭብ ይሆናል፣ ምንም ነገር ግን አያስረዳም።

ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንውሰድ። የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ደንግጓል። በገጠር ልጁን ዕድሜዋ ሳይደርስ የሚድር አባት ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ድግሱን «ማኅበር ነው» ወይም «ተዝካር ነው» ይለዋል፤ የታላቂቱን ሠርግ ሽፋን አድርጎ ታናሺቱንም አብሮ የሚድር አለ። የሚደብቅ ሰው ሕጉን ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ምን ያስደብቀዋል? እንግዲህ «አያውቅም» የሚለው መልስ እዚሁ ላይ ወድቋል፤ ትክክለኛው ጥያቄ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። አውቆ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

አሁን ያደጋችሁበት ሰፈር ይጠቅማችኋል። ጋብቻው የሁለት ልጆች ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተሰቦች ውል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከብቱም ሆነ ሌላው ማቋቋሚያ በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ ነው የሚገጥመው። ልጅቱ ከእኩዮቿ ብትዘገይ «ቁሞ ቀር» የምትባለው እርሷ ብትሆንም ስሙ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወረዳው ከተማ ላይ ከሆነ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ልታድር ነው፤ ማን ይጠብቃታል? አባትየው አርጅቶ ከሆነ ልጁን ሳይድር እንዳይሞት ይፈራል። እነዚህን አንድ በአንድ ስትዘረዝሩ አባትየውን ነጻ አላወጣችሁትም፤ ድርጊቱን የሚያቆመው ምሰሶ የት የት እንዳለ አሳያችሁ እንጂ። ይህን ያየ ሰው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ የሴቶች ማደሪያ ከአሥር ስብሰባ ይልቅ ሊሠራ እንደሚችል ይገምታል፣ ግምቱንም ለመፈተን ይነሣል።

የሰውን ጠባይ የችግሩ ምንጭ ማድረግ

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ወንድም ነው። አንድ የጎጃም ወጣት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ሲወርድ ተማሪው «ቶሎ ለመክበር ጓጉቶ» ብሎ ይጽፋል። ስለ አንድ ልጅ ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ ከየቀበሌው ብዙ ወጣት አንድ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን የጠባይ ወሬ ያበቃል። አሜሪካዊው ሲ. ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 የግል ችግርንና የሕዝብ ጉዳይን ለዩ ያለው ይህንኑ ነው፤ የአንድን ሰው ሕይወት ከዘመኑ ታሪክና ከኅብረተሰቡ አወቃቀር ጋር አገናኝታችሁ ተመልከቱ ማለቱ ነው።

የጎጃሙን ወጣት ታሪክ ፈልጉ እንግዲህ። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ተካሄደ። ያኔ ዕድሜው የደረሰ ተደለደለ፤ ያኔ ሕፃን የነበረ ወይም ገና ያልተወለደ ግን የሚጠብቀው የአባቱን ድርሻ ነው፤ እርሱንም ከወንድምና ከእኅት ጋር ይካፈለዋል። አራት ጥማድ ለአራት ልጅ ሲከፈል የሚቀረውን ማስላት ሒሳብ አዋቂ አይፈልግም። የልጁ ጉጉት ከዚህ በኋላ ይምጣ። አንዱ ወንድም ሲሄድ ሌላው ለምን እንደቀረ የምትጠይቁትም ከዚህ በኋላ ነው።

የዱርካይምን አራት ዓይነቶች እንደ ውዳሴ ማርያም መድገም

ፈረንሳዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ራስን ማጥፋት ያሳተመው ጥናት በየመግቢያ ትምህርቱ አለ፣ በየፈተናውም አለ። ተማሪው የአራቱን የራስን ማጥፋት ዓይነቶች ስሞች ከነብያኔያቸው ይሸመድድና ፈተናው በወጣ ማግስት ይረሳቸዋል፤ ደግሞም ሁለቱን ማቀያየሩ አይቀርም። ሽምደዳ አያስፈልግም፤ ዱርካይም የጠየቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ሰውየው ከማኅበረሰቡ ጋር ምን ያህል ተሳስሯል? ፍላጎቱንና ኑሮውንስ ማኅበረሰቡ ምን ያህል በሥርዓት ገድቦታል? ትስስሩ ሲላላ አንዱ ዓይነት ይመጣል፣ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሌላው። ሥርዓቱ ሲላላ ሦስተኛው፣ ከልክ በላይ ሲያፍን አራተኛው። ኢኮኖሚ ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን በድንገት ሲመነደግም ቁጥሩ ይጨምራል ያለው ለምን እንደሆነ በዚህ ይገባል፤ በሁለቱም ጊዜ የትናንቱ ልክ ለዛሬ አይሠራም።

ከዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። ዱርካይም ፕሮቴስታንት በሚበዛባቸው አካባቢዎች ራስን የማጥፋት መጠኑ ካቶሊክ ከሚበዛባቸው ከፍ ይላል አለ። ተማሪው ይህን ይወስድና «ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ስለሆነ…» ብሎ ይጀምራል። የቡድን መጠን ስለ ቡድን ነው የሚናገረው። ከእርሱ ተነሥቶ ስለ አንድ ሰው መፍረድ በዚህ ትምህርት ከሚያሳፍሩ ስህተቶች አንዱ ነው።

በዌበር ስም በዓላትን መክሰስ

ይህ የእኛ አገር ልዩ ስህተት ይመስለኛል። ጀርመናዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ማክስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ባወጣው ጽሑፍ በካልቪናውያን (አንድ የፕሮቴስታንት ወገን) የኑሮ ሥነ ምግባርና በዘመናዊው ካፒታሊዝም መንፈስ መካከል ዝምድና አየ። ይህን የሰማ ተማሪ በማግስቱ «እኛ የደኸየነው በዓል ስለምናበዛ ነው፤ ዌበርም ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ዌበር አላለም። እንዲያውም በጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉን ከቁሳዊ ጥቅም ብቻ የሚያወጣውን አንድ ወገን ማብራሪያ ሁሉን ከመንፈስ በሚያወጣ ሌላ አንድ ወገን ማብራሪያ መተካት ዓላማው እንዳልሆነ ገልጿል።

ዌበርን እንተወውና አባባሉን ራሱን እንፈትነው። በምሥራቅ ጎጃም ደጋው ጤፍና ስንዴ አምርቶ ለገበያ ያወጣል፤ ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ ግን ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ሁለቱም በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን ያከብራሉ፤ ሁለቱም በዚያ ቀን አያርሱም። በሁለቱም ዘንድ እኩል ያለ ነገር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። ይህን አንድ አመክንዮ የያዘ ተማሪ ግማሹን የምርምር ዘዴ ትምህርት ጨርሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደግሞስ በበዓል ቀን ምን ይሠራል? አሜሪካዊው ሮበርት መርተን ግልጽ (የታሰበ) ተግባርንና ስውር (ያልታሰበ) ተግባርን ሲለይ ሆፒ የሚባሉትን የአሜሪካ ተወላጆች የዝናብ ሥርዓት ምሳሌ አደረገ፤ ሥርዓቱ ዝናብ ባያመጣም ተበታትኖ የሚኖረውን ሕዝብ ያሰባስባል አለ። የእናንተ ምሳሌ ከዚህ ይቀርባል። ማኅበርም ሆነ ሰንበቴ የሚጠጣው ለጻድቁ ወይም ለታቦቱ መታሰቢያ ነው፤ ጽዋው ዙሪያ ግን የተጣላ ይታረቃል፣ ዘር ያጣ ይበደራል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ወንፈል ይቀጠራል። የማይታረስበት ቀን ለእርሻው ምን እንደሚሠራ ያልጠየቀ ሰው የጠፋውን የሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ንድፈ ሐሳቦቹን በየሣጥናቸው ቆልፎ ማስቀመጥ

ፋንክሽናሊዝም፣ የግጭት ንድፈ ሐሳብ፣ ተምሳሌታዊ መስተጋብር። ተማሪው ለሦስቱ ሦስት ገጽ ይሰጥና ከሦስቱ «ትክክለኛውን» እንዲመርጥ የታዘዘ ይመስለዋል። ሦስቱን በአንድ ነገር ላይ አሠሯቸው፤ ለምሳሌ በደቦ ላይ። የመጀመሪያው ትብብርን ያያል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይደርስበት አጨዳ በአንድ ቀን ያልቃል። ሁለተኛው ማን ደቦ መጥራት እንደሚችል ይጠይቃል። ደቦ ድግስ ይፈልጋል፤ ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ ከየት ይምጣ? ጎተራው የሞላው ሰው ብዙ ጉልበት ይሰበስባል፤ በሬም ጎተራም የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ሦስተኛው አጠገባቸው ይቆማል። ዘፈኑን ማን ያወጣል? የዘገየውን ማን በምን ቃል ይሸነቁጠዋል? ጎበዝ መባል እንዴት ይገኛል? ሦስቱም እውነት ያያሉ፣ ግን አንድ ዓይነት እውነት አያዩም። ደቦን ከወንፈል የማይለይ ወረቀት ደግሞ ከጎጃም ተማሪ ሲመጣ ያናድደኛል፤ በወንፈል የሠራኸው ቀን በቀን ይመለስልሃል፣ የሁለቱም እኩልነት የተለያየ ነው።

ዓይነተኛ አምሳያን ከሰው ጋር ማምታታት

ዌበር ሥልጣንን ባህላዊ፣ ካሪዝማዊና ሕጋዊ ብሎ ሲከፍል ሦስት መለኪያ፣ ማለትም በሐሳብ ጠርተው የተሣሉ ዓይነተኛ አምሳያዎች፣ መስጠቱ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ተቀላቅለው ነው የሚገኙት። በላይ ዘለቀን አስቡ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎጃም ውስጥ ጦር ሲያሰባስብ ከላይ ሹመት የሰጠው አልነበረም፤ ሰው የተከተለው በጀግንነቱ አምኖ ነው። ካሪዝማ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን እርሱም ተከታዮቹን በራስነትና በደጃዝማችነት ይሾም ነበር ይባላል፤ ባህላዊውን መሰላል ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ እርሱ ራሱ ደጃዝማች ሆነ፤ ከተመለሰው መንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶም በጥር 1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። በጦርነት ጊዜ የቆመ ሥልጣን ሰላም ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

የመውጫ ፈተና ጥያቄ ብቻ እያገላበጡ መኖር

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ገና ከአንደኛ ዓመት የምርጫ ጥያቄ የሚሰበስብ ተማሪ በዝቷል። በመጨረሻው ዓመት ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ስሞቹን እንጂ ሐሳቦቹን አያስይዝም። አንድን ጽንሰ ሐሳብ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ማስረዳት ከቻላችሁ ይዛችሁታል።

ደብተር ይዞ ገበሬ ቤት ሰተት ማለት

ለመስክ ሥራ የተላከ ተማሪ መጠይቁን አውጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጥማድ መሬት አለዎት?» ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በጎጃም ግን መሬት መጠየቅ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ከፍርሃቶቹ አንዱ ግብሩን የሚተምነው ሰው ርስቱን መንጠቂያ ይዞ የመጣ ነው የሚል ነበር። ከዚያም የ1989 ድልድል አለ፤ ያኔ የተቆጠረ መሬት የተቀነሰበት ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ ስለ ጥማድ ሲጠይቅ የሚያገኘው ቁጥር የመሬቱን ስፋት ሳይሆን የሰውየውን ጥንቃቄ ነው የሚለካው።

አሜሪካዊው አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም ርስት በአባትም በእናትም እንደሚቆጠር፣ ስለዚህም አንድ ሰው ሊይዝ ከሚችለው በላይ በብዙ ቦታ የይገባኛል ጥያቄ እንደሚኖረው፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እጁ እንደሚገባ ግን በሰው ዘንድ ባለው ተሰሚነት እንደሚወሰን አሳይቷል። «ስለ እኛ የተጻፈ የለም» ለሚል ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚጠይቀው አንድ መጽሐፍ ይኸው። የሆበንን ሥራ ያነበበ ሰው የመሬት ጥያቄ በአንድ ቀን መጠይቅ እንደማይመለስ ይረዳል።

ስለዚህ የመሬቱን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ውሰዱት። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አድርሷችሁ ከሆነ አመስግናችሁ አሰናብቱት፤ እርሱ መደብ ላይ ተቀምጦ እየሰማ የሚሰጥ መልስ ለእርሱ የተሰጠ ነው። የቤቱን እመቤት ለብቻዋ አናግሯት፤ በሬውን ባልየው፣ ጎተራውን እርሷ የበለጠ ታውቀዋለች። የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችሁን ሦስት ሰው ጠይቃችሁ «የገጠሩ ኅብረተሰብ እንዲህ ያስባል» ብላችሁ አትጻፉ። ሦስት ሰው ጠየቅሁ በሉ፤ ማን ማን እንደሆኑ፣ ለምን እነርሱን እንደመረጣችሁ ጻፉ። እኔ ወረቀቱን ስከፍት አስቀድሜ የማነበው ይህን ገጽ ነው፤ እርሱ ከሌለ የቀረውን በእርሳስ እያሰመርሁ ነው የማነበው።