የመኪናዎ ኤሲ ኮምፕረሰር አልይዝ ሲል፦ ከመቀየርዎ በፊት ምን ይፈትሹ?

ኤሲውን ያበራሉ። አየሩ በደንብ ይነፍሳል፣ ግን ትኩስ ነው። አብዛኛው ሰው ወዲያው «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ጋዝ አስሞላሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ኮምፕረሰሩ ይቀየር» ተባልኩ። መጨረሻ ላይ የተበላሸችው አንዲት ትንሽ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሆና ተገኘች። ያን ጊዜ የፍተሻውን ቅደም ተከተል ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ አላወጣም ነበር።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። ኮምፕረሰሩ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል ነው። ፊቱ ላይ ያለው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረው ክብ ብረት) ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በቺንጋው እየተጎተተ ይሽከረከራል። ከፊቱ ያለው ሳህን መሰል የክላች ብረት ግን ቆሞ ይጠብቃል። ኤሲ ሲበራ ከፑሌጃው ጀርባ ያለው ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) ኤሌክትሪክ ያገኝና ማግኔት ይሆናል። ሳህኑን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኮምፕረሰሩ ያዘ የምንለው ይህን ነው።

ስለዚህ ካልያዘ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ኮይሉ ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ሌላው ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

በዓይንና በጆሮ ይጀምሩ

ሞተሩን ያስነሱ፣ ኤሲውን ቅዝቃዜው መጨረሻ ላይ አድርገው ያብሩ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ። ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ልብስና ረጅም ፀጉር ከቺንጋው ይራቁ። ሰው ማብሪያውን እንዲያበራና እንዲያጠፋ ያድርጉና ሳህኑን ይመልከቱ።

የውጭው አየር ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋ ከሆነ ብዙ መኪኖች ኮምፕረሰሩን ሆን ብለው አያስነሱም። ሞተሩ ከልክ በላይ ከሞቀም እንዲሁ። ይህ ብልሽት አይደለም።

ብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ጭራሽ ይህ ክላች የላቸውም። ኮምፕረሰሩ ሁልጊዜ ይዞራል፣ የሚጨምቀውን መጠን የሚወስነው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ ነው። በእነዚህ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የሚያዋጣው በኮምፒውተር ማስመርመር ነው። በኤሌክትሪክ የሚነዳ ኮምፕረሰር ያላቸው ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ብርቱካናማውን ገመድ በፍጹም አይንኩ። የሚያልፍበት ኃይል ሰው ይገድላል።

ፊውዝና ሪሌ

የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የኤሲውን ቦታ ያገኛሉ። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ይተኩ። ድጋሚ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጧል፣ ወይም ኮይሉ ሾርት አድርጓል። ከፍ ያለ አምፔር መክተት እሳት መጋበዝ ነው።

ሪሌውን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ማቀያየር ነው። በብዙ መኪኖች የጥሩምባው ሪሌ ተመሳሳይ ቁጥር አለው። ቀያይረው ኮምፕረሰሩ ከያዘ ሥራዎ አለቀ።

ኮይሉ ጋ ኤሌክትሪክ ደርሷል?

ለዚህ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ከባትሪው ነጋቲቭ ጋር ያገናኙ። ቀዩን ከኮምፕረሰሩ ሶኬት ጀርባ በቀጭን መርፌ ያስገቡና ሽቦዎቹን ከቺንጋው አርቀው ይሰሩ። ከዚያ ሞተሩና ኤሲው ይብሩ።

ሶኬቱን ነቅሎ መለካት አያዋጣም። ዝገት የበላው ሽቦ ምንም ሳይሸከም 12 ቮልት ያሳይና ኮይሉ ሲጎትተው ይወድቃል። ከሶኬቱ ጋር እንደተገናኘ ሲለኩት ነው እውነቱ የሚወጣው።

ከ12 ቮልት በላይ እያነበበ ሳህኑ ካልተሳበ ችግሩ ከኮምፕረሰሩ ጋር ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ አሁን ሶኬቱን ይንቀሉና የኮይሉን ሬዚስታንስ ይለኩ። በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ ነው። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ዜሮ ከቀረበ ሾርት ነው። ሬዚስታንሱ ደህና ከሆነ የነጋቲቭ መስመሩን ይፈትሹ፤ ባለ አንድ ሽቦ ኮይል ነጋቲቩን የሚያገኘው ከኮምፕረሰሩ አካል ነው።

ይህም ደህና ከሆነ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር ይቀራል፦ ክፍተቱ። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል፣ ክላቹ ሳይያዝ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት አለ። ትክክለኛውን መጠን የመኪናው መመሪያ ይነግርዎታል። ሳህኑ በዓመታት ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ኮይል ደግሞ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ማግኔቱ ይደክማል። ጠዋት የሚሠራ፣ ሞተሩ ሲግል የሚያቆም፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚሠራ ኤሲ ካለዎት በጣም የምጠረጥረው ይህንን ነው። በብዙ ኮምፕረሰሮች ሳህኑ ተፈትቶ ከጀርባው ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱ ሲወጣ ክፍተቱ ይጠባል። ጋዝ አይወጣም፣ ኮምፕረሰር አይገዛም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ኮምፕረሰር እንደሚጣል ሳስብ ያናድደኛል።

ኤሌክትሪክ ካልደረሰ ወደ ጋዙ

ጋዙ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ወይም ሴንሰሩ ኮምፕረሰሩን እንዳይነሳ ይከለክላል። ምክንያቱም ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ በሌለበት ቢዞር በዘይት እጦት ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። ስዊቹን በሽቦ አሻግሮ በግድ ማስነሳት እንደ ዘዴ ሲመከር እሰማለሁ። እባክዎ አያድርጉት። ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርገዋል።

አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ የሚጠቀም መኪና፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 80 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ማሳየት አለበት። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 20 ካሳየ ጋዙ ሄዷል። ነገር ግን 80 ማሳየቱ ሞልቷል ማለት አይደለም። ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። ለዚህ ነው ጋዝ በግምት ሳይሆን በሚዛን የሚሞላው። ስንት ግራም እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ይተናል። መገጣጠሚያዎቹ፣ የኮምፕረሰሩ አንገትና ፊት ለፊት ያለው ኮንደንሰር (የጋዙ ማቀዝቀዣ) ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ካዩ የሚያፈሰው እዚያ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ገንዘብ መበተን ነው። ይህን ሥራ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይተዉት። የሚያፈተልክ ጋዝ ዓይንና ቆዳን ያቃጥላል። ወደ አየር የሚለቀቅ አር 134 ኤ ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

ግፊት ከልክ ሲያልፍም ስዊቹ ያቋርጣል። መኪናው ሲቆም ኤሲው የሚጠፋ፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር መዞሩን ይዩ።

ጋዙም ሪሌውም ደህና ሆነው ኤሌክትሪክ ካልመጣ ሴንሰሮቹና ኮምፒውተሩ ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ለምን እንደከለከለ በምርመራ መሣሪያ ይነበባል፤ በግምት ሴንሰር እየገዙ አይቀያይሩ።

ኮምፕረሰሩ በእርግጥ የሚቀየረው መቼ ነው?

ሞተሩን አጥፍተው ሳህኑን በእጅዎ ያዙሩት። ጠንከር ቢልም መዞር አለበት። ጨርሶ ካልዞረ ኮምፕረሰሩ ነክሷል። ያኔ ይቀየር፣ ግን ብቻውን አይደለም። ሲነክስ የተፈጨው ብረት መስመሩ ውስጥ ይበተናል። ቱቦዎቹ ካልጸዱ፣ እርጥበት መጣጩና ማጣሪያው አብረው ካልተቀየሩ፣ ያ ብረት አዲሱንም ያበላሸዋል።