ቢ12 አልወጣ ሲል፦ በድሬዳዋና በሐረር የገጠሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቫይታሚን ቢ12ን ዕፅዋትም እንስሳም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና አርኬያ የሚባሉት ረቂቅ ፍጥረታት ብቻ ናቸው። የኬሚስቶቹ የዉድዋርድና የኤሸንሞዘር ቡድኖች በኬሚስትሪ ብቻ ለመሥራት ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተው እ.ኤ.አ. በ1972 ተሳክቶላቸዋል። መንገዱ ግን 70 ደረጃ ያህል ስለሚፈጅ ፋብሪካዎች ሥራውን ዛሬም ለባክቴሪያ ይተዋሉ። ቢ12 የሚገኝባቸውን የእንስሳት ተዋጽኦ ትቶ ብዙ ሰው ረጅም ጾም በሚጾምበት አገር ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ከተማሪዎች ጋር በ5 ሊትር ፈርመንተር (ባክቴሪያ በሚያድግበት ዕቃ) ስንሠራ ያየነውን እነሆ። ዘራችን ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ፍሮይደንራይኪ ነው፤ የኤመንታልን አይብ ቀዳዳ በቀዳዳ የሚያደርገው እሱ ነው። ምርታችን ለመማሪያ እንጂ ለመዋጥ አይደለም።

ምልክት፦ ዘር ሳይገባበት ሚዲያው ደፈረሰ

ሚዲያ ማለት ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ ያለው ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ መቼ እንደደፈረሰ ጠይቁ። ከኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) እንደወጣ ከሆነ ነገሩ የውሃው ነው። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ካልሲየሙ ከፎስፌት ጋር ሲሞቅ ይዘቅጣል። ከሚዲያው ጥቂት ቀድታችሁ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት፤ ከጠራ ጨው ነው። በተጣራ ውሃ ሥሩ፤ ፎስፌቱንና ግሉኮሱንም ለየብቻ በኦቶክሌቭ አፍሉና ሲቀዘቅዙ ቀላቅሉ።

የደፈረሰው በሁለተኛው ቀን ከሆነ ግን በሕይወት የተረፈ ነገር አለ። ድሬዳዋ ደጋግሞ የተሳካልኝን አሠራር ሐረር ወስጄ ስሠራው ጠርሙሶቹ በሙሉ ደፈረሱ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋም ጠንካራ ፍሬ የሚሠራ፣ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። እጃችንን፣ አልኮላችንን፣ ዘሩን ሁሉ ጠረጠርን፤ ጥፋቱ ግን የከፍታው ነበር። የኦቶክሌቭ ጌጅ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ ነው) ሲል በባሕር ወለል ደረጃ 121 ዲግሪ ይሞላል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ወደ 119፣ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ሐረር ደግሞ ወደ 118 ዲግሪ ይወርዳል። ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ለስፖር ግን የመግደል ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። መመሪያው 20 ደቂቃ ካለ ድሬዳዋ 30፣ ሐረር 40 አድርጉ፤ ቴርሞሜትር ካለው ደግሞ ጌጁን ትታችሁ እሱን እመኑ። ቫልቩን ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡ ያለው አየር በእንፋሎት ተገፍቶ ይውጣ። በፕሬዠር ኩከር የምትሠሩም ያው ነው።

ምልክት፦ ዘሩ ገባ፣ ግን አያድግም

ይህ ባክቴሪያ የሚወደው 30 ዲግሪ ነው። ብዙ ኢንኩቤተር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳጥን) ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ክፍል ራሱ ከ30 ያልፋል፣ መሣሪያው ጠፍቶም ሙቀቱ ይወጣል። ፈርመንተሩን በረዶ በተጨመረበት ውሃ መያዣ ውስጥ አቁሙና ውስጡን በቴርሞሜትር ተከታተሉ። ጀምሮ ከቆመ ደግሞ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) ለኩ። የሚያወጣው ፕሮፒዮኒክ አሲድ መልሶ እሱኑ ያፍነዋል፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ6.5 እስከ 7 ያዙት።

ምልክት፦ ሴሉ ሞልቷል፣ ቀለሙ ግን ገርጥቷል

ሴሉን በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ስታዘቅጡት ወደ ሮዝ ማድላት ነበረበት። የቢ12 እምብርት ኮባልት የሚባለው ብረት ነው፤ ከሌለ ባክቴሪያው ይበላል፣ ይራባል፣ ቫይታሚኑን ግን አይጨርስም። በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ኮባልት ክሎራይድ ይበቃል፤ ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና ማስክ አትርሱ።

ምልክት፦ በባክቴሪያ ሲለካ ብዙ፣ በኤችፒኤልሲ ሲለካ ጥቂት

ኤችፒኤልሲ የፈሳሽን ክፍሎች ለያይቶ እያንዳንዱን የሚለካ መሣሪያ ነው። አደገኛው ይሄኛው ምልክት ነው፤ የተሳካልን ያስመስላልና። ሞለኪውሉ ከታች በኩል ዲሜቲልቤንዚሚዳዞል የሚባል ክፍል ያስፈልገዋል፤ ባክቴሪያው ይህን ክፍል የሚሠራው ትንሽ ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። እስከ መጨረሻው አየር ከከለከላችሁት ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ወይም አዴኒን የሚባል ሌላ ሞለኪውል ይገባበታል። አዴኒን የገባበት ሐሰተኛ ቢ12 ይባላል፤ ለሰው አካል አይረባም። ለመለኪያ የተለመደው ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ሐሰተኛውንም እንደ እውነተኛው ይጠቀምበታል፤ ቁጥሩን የሚያሳብጠው እሱ ነው። ይህን ሳያዩ ለሰው የሚሆን ቫይታሚን አገኘን ማለት የደም ማነስ ያለበትን ሰው ማታለል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ያለ አየር አሳድጉት፤ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ አየር ስጡት፣ ወይም የጎደለውን ክፍል ራሳችሁ ጨምሩለት። ውጤቱን በኤችፒኤልሲ ሳታረጋግጡ አትመዝግቡ።

ምልክት፦ ትናንት የነበረው ዛሬ ቀነሰ

ብርሃን ነው። ባክቴሪያው የሚሠራቸው የቢ12 ዓይነቶች ብርሃን ሲነካቸው ይለወጣሉ። ፋብሪካዎች ገዳይ መርዝ በሆነው ሳያናይድ ተጠቅመው ጸንቶ ወደሚቆየው ሳያኖኮባላሚን ይቀይሩታል፤ ይህን በማስተማሪያ ክፍል በፍጹም አትሞክሩት። ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሉ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ በዚያው ቀን ለኩ።