የእባብና የእንሽላሊት ተውሳኮችን የሕይወት ዑደት ስትስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ወባን የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ የለም፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ዑደት ሳል ሲሉት ትንኝ ያመጣና እባቡን ያስነክሳል።

«ትንኟ ነክሳ ታስተላልፋለች» ማለት። ሄፓቶዙን የተባለው የደም ተውሳክ እንዲህ አይሄድም። ትንኟ ከተያዘ እባብ ደም ስትመጥ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን ተውሳክ ትወስዳለች። ተውሳኩ ግን እንደ ወባው ወደ ምራቅ እጢዋ አይወጣም፤ ከአንጀቷ ውጭ ባለው የሰውነቷ ክፍተት ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀራል። እንዲያልፍ ትንኟ መበላት አለባት። እባብ ደግሞ ትንኝ ሲያድን ማን አይቶ ያውቃል? እንሽላሊት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ትንኟን ይበላል፣ ተውሳኩ ጉበቱ ውስጥ ተሸፍኖ ይጠብቃል፣ እንሽላሊቱን የዋጠ እባብ ይያዛል። በአንዳንድ ዝርያዎች ይህን ሥራ የሚሠራው እንቁራሪት ነው። ስለዚህ ጅማ አጠገብ እንዳለው እንደ ቦዬ ባለ ረግረግ ዳር ቀስት ከመሳል በፊት ማን ማንን እንደሚበላ መጻፍ ይሻላል።

የደም ናሙና ብቻ አይቶ «ነጻ ነው» ማለት። የእንሽላሊቱ ደም ንጹሕ ሆኖ ተውሳኩ ጉበቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጉበቱን ቆርጣችሁ እዩ።

ዋናው ማደሪያ ሁልጊዜ ትልቁ እንስሳ ነው ብሎ ማሰብ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ይመስለኛል። ዋና ማደሪያ የሚባለው ተውሳኩ ጾታዊ ርቢውን የሚፈጽምበት ነው። በሄፓቶዙን ይህ ትንኟ ናት፤ እባቡ መካከለኛ ማደሪያ ብቻ ነው፤ ጾታዊ ርቢው በእሱ ውስጥ አይፈጸምም። እንሽላሊት ከሚጠቀሙት ሳርኮሲስቲስ ከተባለው የጡንቻ ተውሳክ ዝርያዎች ጋር ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ጾታዊ ርቢው በእባቡ አንጀት ውስጥ ይፈጸማል፣ ስፖሮሲስቱ (ተውሳኩን የያዘው ጥቃቅን ከረጢት) ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ እንሽላሊቱ ይውጠዋል፣ ተውሳኩ ጡንቻው ውስጥ ሲስት (ከረጢት) ይሠራል፣ እባብ ሲበላው ዑደቱ ይዘጋል። አንዱን ዑደት ገልብጦ ለሌላው መጠቀም አያዋጣም።

ፔንታስቶሚዳን፣ ማለትም መተንፈሻ ውስጥ የሚኖሩ ትል መሰል ተውሳኮችን፣ ከትል መመደብ። ቅርጹ ያታልላል እንጂ ዘመዱ ሸርጣን ነው። ከእነዚህ አንዱ ራይሊየቴላ በረሮን ተጠቅሞ ወደ እንሽላሊት ሳንባ ይገባል፤ አንዱ ዝርያ ከበርማ ዘንዶ ጋር ፍሎሪዳ ገብቶ የአገሩን እባቦች ይዟል። አርሚሊፈር ደግሞ በአፍሪካ ዘንዶዎችና እፉኝቶች መተንፈሻ ውስጥ ያድጋል፣ አይጦችን በመካከለኛነት ይጠቀማል። እንቁላሉ ከእባቡ አክታና ኩስ ጋር ስለሚወጣ፣ ወደ አፍ ከገባ ሰውንም ይይዛል። የሞተ እባብ የምትከፍቱ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዳቦ አትቁረሱ።