አንድ ትሪ ውሃ፣ ሙሉ ግቢ ወፍ

ድሬዳዋ ላይ ወፍ ለማየት የትም መሄድ አያስፈልግም። ውሃ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ወንዛችን ደቻቱ ዝናብ ካልጣለ አሸዋ ነው። ከምሳ በኋላ እኛ ሙቀቱን ሸሽተን ቤት ስንገባ ወፎቹ ደግሞ በየጥላው ምንቃራቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ስለዚህ ጥሬ ከመበተናችሁ በፊት ውሃ አስቀምጡላቸው።

አሮጌ ትሪ ወይም ዝርግ ሳህን ይበቃል። ውሃው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከጠለቀ ትንንሾቹ አይደፍሩትም። መሃሉ ላይ የሚቆሙበት ድንጋይ አድርጉ። ጥላ ስር ይሁን፣ ግን ድመት ከምታደባበት ቁጥቋጦ ራቅ አድርጉት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ2006 የዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከተማችንን እንዴት እንዳደረጋት ታስታውሳላችሁ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ በየዕቃው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው፣ እንቁላሏንም የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሆነ መድፋት ብቻውን አይበቃም። በየቀኑ ድፉት፣ ጠርዙን በብሩሽ ፈትጉት፣ እንደገና ሙሉት። ይህን የማትችሉ ከሆነ ትሪውን ባታወጡት ይሻላል።

ከዚያ ቁጭ በሉ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን የሚያህል የለም። ቡናችሁን ይዛችሁ በረንዳው ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይመጡ ይችላሉ፣ ታገሱ። ብዙ ጊዜ ዋኖሶችና ድንቢጦች ይቀድማሉ። ለእነሱ ጥቂት ማሽላ ጣል ብታደርጉ ይወዳሉ፤ ጨው ያለበት ትርፍራፊ ግን አትስጡ።

እሬት ከተከላችሁ ደግሞ አበባው ሲወጣ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ ምንቃር ያላት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ወፍ ወለላ ልትመጥ ትመጣለች። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብረት ያብለጨልጫል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው ግን ቢጫውን ጎጆ ሠሪ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ወንዱ አረንጓዴ ሳር እየሰነጠቀ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ በሩ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ይሸምናል፣ ሴቷ መጥታ ታየዋለች፣ ካልወደደችው አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ልጆች ካሏችሁ ይህን አሳዩአቸው፣ ቴሌቪዥኑን ይረሱታል።

ማታ መብራት ስር ግድግዳው ላይ የሚለጠፉትን እንሽላሊቶች አትግደሏቸው፣ ስታዩአቸው ብታመሹ ይሻላል። ትንኝና የእሳት ራት ሲያድኑ ቀስ፣ ቀስ፣ ከዚያ ዘለው ቀለብ ነው። የሚበሉት ነፍሳት ስለሆነ ግቢው ውስጥ መርዝ መንፋት ካበዛችሁ እነሱም ይጠፋሉ፣ ለጫጩቶቻቸው ትል የሚለቅሙት ወፎችም አይመጡም።