የኮሚኒቲ ድርጅታችንን የሚመሩ ሰዎችን በራሳችን ወግ እንዴት እንደግፍ?

አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ኮሚኒቲ ድርጅት ቦርድ ላይ ለተቀመጣችሁ፣ ወይ አባል ሆናችሁ ለምታዋጡ ነው ይሄን የምጽፈው። ዲሲ በሉት ሲያትል በሉት፣ ብዙ ቦታ ድርጅቱን የተሸከመችው አንዲት ዳይሬክተር ነች፣ የግራንት (የድጋፍ ገንዘብ) ማመልከቻ ትጽፋለች፣ አዳራሽ ትከራያለች፣ ልጆቹን ታስጠናለች፣ ከዛ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ እናት የሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) ደብዳቤ ፎቶ አንስተው በዋትስአፕ ይልኩና "ልጄ፣ ይሄ ምን እንደሚል እስቲ እይልኝ" ይሏታል፣ ቀኑ ሊያልፍባቸው መሆኑን ስታይ እንዴት ትተኛ፣ በስልክ እያወራቻቸው ፎርሙን አብራ ትሞላለች። ይሄ ሥራ የትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ። አንድ ቀላል ሰንጠረዥ አዘጋጁላት፦ ቀን፣ ቋንቋ፣ የምን ደብዳቤ፣ ስንት ደቂቃ፣ የሰው ስም አይጻፍበት። ጥቂት ወር ከተመዘገበ በኋላ ገንዘብ ለሚሰጣችሁ ፈንደር የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ የአንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ደሞዝ ትጠይቁበታላችሁ።

ገንዘቡ ላይ ዝም አትበሉ። ለጀማሪ ማኅበራዊ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጠው ኤኮይንግ ግሪንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አማካሪው ብሪጅስፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ለኤኮይንግ ግሪን ካመለከቱት ብርቱ ድርጅቶች መሃል በጥቁር ሰዎች የሚመሩት ገቢያቸው ነጮች ከሚመሯቸው በ24 ፐርሰንት ያነሰ ነበር፣ ገደብ የሌለበት ሀብታቸው፣ ማለትም ለፈለጉት ሥራ ሊያውሉት የሚችሉት፣ ደግሞ በ76 ፐርሰንት። እኛም ራሳችን ስንሰጥ አስረን ነው የምንሰጠው፣ ለበዓሉ ብቻ፣ ለልጆቹ ቲሸርት ብቻ ምናምን እያልን፣ ኪራዩንና መብራቱን ማን ይክፈለው? በየወሩ ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ ትንሽ መዋጮ በዓመት አንዴ ከሚደረግ ትልቅ እራት በጣም ይሻላል፣ ምክንያቱም ዳይሬክተሯ በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚገባ አውቃ ታቅዳለች። የፌዴራል ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ከመንግሥት ጋር ተደራድረው የተስማሙበት የአስተዳደር ወጪ ፐርሰንት የሌላቸው ድርጅቶች ለዚሁ ወጪ እስከ 15 ፐርሰንት መጠየቅ ይችላሉ፣ ከጥቅምት 2024 በፊት 10 ነበር፣ በጀቱ ላይ ሳታስገቡት እንዳታልፉ።

አሁን ወደ እድር እንምጣ፣ ምክንያቱም እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ሀብታችን እሱ ነው። እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል ወጡን ማን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። ዳይሬክተሯ ስትወልድ ወይ ስትታመም ቼኩን ማን እንደሚፈርም፣ ስልኩን ማን እንደሚያነሳ እንደዛው አድርጋችሁ ጻፉት። የሐዘን ፈቃድ ላይ በተለይ አደራ። ብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ጥቂት ቀን ነው የሚሰጠው፣ የእኛ ሰው ግን እናቱ ጎንደር አርፋ ከሆነ በረራው ራሱ ስንት ሰዓት ነው፣ ልቅሶ ደራሹ አለ፣ ሠልስቱ አለ፣ እና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከነደሞዙ ብላችሁ ፖሊሲው ላይ አስፍሩት። ያኔ ዳይሬክተሯ ሐዘን ላይ ሆና ቦርድ አትለምንም።

ቦርዱና ዳይሬክተሯ ሲጋጩስ? ሽማግሌዎቹን ጠብ ሳይመጣ ምረጡ፣ ሁለቱም ወገን የተስማማባቸው ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፣ ሴት ይኑርበት፣ ሁሉም ከአንድ ቤተክርስቲያን ወይ ከአንድ አካባቢ አይሁኑ። ግን ልብ በሉ፣ የገንዘብ ጉድለት ወይም ሠራተኛ ላይ የደረሰ ጥቃት በሽምግልና አይሸፈንም፣ እሱ በኦዲትና በሕግ ነው የሚታየው። "በሽማግሌ አለቀ" ተብሎ የተዳፈነ ነገር ድርጅት ሲያፈርስ ነው የሚታየው።

ደሞዟን እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ፣ ይሉኝታ ይዟት አትጠይቅም። በጎ አድራጎት ነው ተብሎ በነጻ ይሠራ የሚል ሕግ የለም፣ ሕጉ የሚለው ክፍያው ተመጣጣኝ ይሁን ነው። የሌሎች ድርጅቶች ፎርም 990፣ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ የሚያስገቡት ሪፖርት፣ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እናንተን የሚያክሉት ለዳይሬክተር ስንት እንደሚከፍሉ አይታችሁ በየዓመቱ ተወያዩበት፣ ውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ።

ኮች (በሥራዋ የሚያማክራት ሰው) ስትፈልጉላትም ባህሉን የሚያውቅ ይሁን። ሰው ሁሉ "ራስሽን አስተዋውቂ፣ ስብሰባ ላይ ቀድመሽ ተናገሪ" ይላታል፣ እሷ ግን ሽማግሌዎቹን አስቀድማ አዳምጣ ነው የምትወስነው፣ ኮሚኒቲው ያመናትም በዚህ ነው። ከሶማሌ፣ ከኤርትራ፣ ከላቲኖ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ድርጅት መሪዎች ጋር በየወሩ ቁጭ ብላ የምታወራበት ሰዓት ከሥራ ሰዓቷ ይቆጠርላት፣ ምሳውን ድርጅቱ ይክፈል።

ፎርም 990ን ደግሞ ገንዘብ ያዡ ይያዘው፣ የበጀት ዓመታችሁ ታኅሣሥ 31 ላይ የሚያልቅ ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው። ዓመታዊ ገቢው ብዙውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅት አጭሩን የኦንላይን ፎርም መሙላት ይበቃዋል፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተረሳ ግን አይአርኤስ ከታክስ ነጻ የመሆን መብቱን በራሱ ይሰርዘዋል።