የታፈነ ቤት ሽታ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚደገሙ ስህተቶች

ደሴ ላይ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፣ ዝናቡ ይከተላል። ነሐሴ ላይ ጋቢውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ጓዳውም አንድ ዓይነት ይሸታል። ያ ሽታ የሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ያለ እርጥበት አያድግም።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዕጣን ማጨስ ነው። ለቡናው ይጨስ፣ ወጉ ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ ሲጨስ ግን ሽታውን ለትንሽ ጊዜ ሸፍኖ ይለቀዋል፤ የጀበናውና የድስቱ እንፋሎትም መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል።

የውሃውን ምንጭ ሳያውቁ ጥገና መጀመር ሌላው ጥፋት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና 2 ቀን ተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ወይም ከመሬቱ ነው። በክፍሉ በኩል ከታየ ግን ከቤቱ አየር ነው፤ ያኔ ግንበኛ ሳይሆን መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ደህና ቤት ይበላሻል። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን ውሃ በገጹ በኩል ቀስ እያለ ያወጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ይደፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ እሱ አይሆንምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ ከልስኑ ጀርባ ይታጎራል። በጣት ስትቆረቁሩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ስንጥቁን በሌላ ሲሚንቶ ይደፍናል፣ በዓመቱ ደግሞ የዘይት ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ ሲያብጥና ሲላጥ ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል። እባካችሁ ይህ ይብቃ። ከታች እስከ 1 ሜትር ያህል ያለውን ሲሚንቶ አራግፉ፣ የበሰበሰውን እንጨት ቀይሩ፣ ግድግዳው በበጋ ይድረቅ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ 1 ሳምንት አቡክታችሁ በ2 ዙር ምረጉ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። በመጨረሻ በውሃ የቀጠነ ኖራ 3 ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ኖራ እርጥበት ያሳልፋል፣ ሻጋታም በላዩ በቀላሉ አያድግም። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ይደረግ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤቱን ዙሪያ እዩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 4 ጊዜ ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወድቃል። ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ቤት ደግሞ የላዩ ውሃም ይመጣበታል፤ በጀርባው በኩል ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ ያስፈልገዋል። ለውበት ተብሎ ግድግዳው ላይ የተደገፈው የአበባ መደብም ይነሳ። መሬቱ ከግድግዳው ሲርቅ በየ1 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ።

በረኪና ለሊሾና ለሴራሚክ ጥሩ ነው፦ ሩብ ሊትር በ4 ሊትር ውሃ። ጭቃና እንጨት ላይ ግን ላዩን ብቻ ያነጣል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ ሻጋታውን ያጠጣዋል። እንጨትን በዱቄት ሳሙና ውሃ አሽታችሁ ወዲያው አድርቁ። ሻጋታን በደረቁ በመጥረጊያ መጥረግ ብናኙን በቤቱ ሁሉ መዝራት ነው፤ መጀመሪያ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ቤት ለማድረቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ያልተቀጣጠለ ጥቁር ከሰል በቅርጫት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ግን ሽታ ይቀንሳል፤ በየ2 ሳምንቱ ፀሐይ ይምታው። ጨው ደግሞ አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ካልረጠበ ውሃ አይስብም፤ ክረምት ላይ ለትንሽ ሳጥን ይበጃል፣ ለክፍል አይበቃም።

ጉም እያለ መስኮት መክፈት ትርፍ የለውም። ብዙ ቀን ሰማዩ ጠዋት ገልጦ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ትይዩ የሆኑትን በርና መስኮት ለ20 ደቂቃ ክፈቱ። ቁም ሳጥንና አልጋን ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ የእህል ጆንያ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣ።

ገልጦ ካደረ በኋላ ማለዳ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውንም ሁሉ ፍሳሽ ነው ብላችሁ ምስማር አታሽጉ። የቤቱ እንፋሎት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከኮርኒሱ በላይ በጣራው ጠርዝ በሁለቱም ወገን የአየር ቀዳዳ ይተውለት።

የግድግዳውን ሥራ ወደ ሰኔ አትግፉት። ወሎ በልግም አለው፣ ዝናቡ የካቲት ላይ ሊጀምር ይችላል። ሲሚንቶው በኅዳር ተራግፎ ምርጊቱና ኖራው ጥር ሳያልቅ ይድረስ።