አሮጌ መኪና የራዲያተር ውሃ ሲያፈስ፦ ቀዳዳውን ማግኘት፣ መጠገን፣ ኩላንት መምረጥ

ከጎሃ ጽዮን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ አሮጌዋ ኮሮላዬ ፈላች። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩና እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደድኩ። ከኋላዬ የቆመ የጭነት መኪና ረዳት «ጋሼ፣ እንዳይነኩት! ፊትዎን ይልጠዋል!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ባይኖር ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነበር።

አባይ በረሃን ረገምኩት፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ለሦስት ሳምንት በየሁለት ቀኑ አንድ ሃይላንድ ውሃ ስጨምር፣ ውሃው የት እንደሚሄድ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ሥራው ሁሉ በቀዝቃዛ ሞተር ነው። የላይኛውን ትልቅ የራዲያተር ጎማ በእጅዎ ጨብጠው ሳያቃጥልዎ ሲቀር ብቻ፣ ክዳኑን ጨርቅ አልብሰው ቀስ አድርገው ይክፈቱት።

ክዳኑን ራሱን ይመልከቱት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል (ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው)። ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው፦ ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን በዚህ ከፍታ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የውስጥ ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሌላውን ከመንካትዎ በፊት ይቀይሩት፤ ቁጥሩ ግን ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ፍለጋ ነው። ማታ ሞተሩ እንደጋለ ሲያቆሙ ከሥሩ ካርቶን ያንጥፉና ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ ይዩ። ፊት ለፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ጎማ፣ በቺንጋው በኩል ከሆነ የውሃ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ካርቶኑ ደርቆ ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰ፣ መስታወቱም ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ናት። በጎማዎቹ ጫፍ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካዩ ደግሞ ውሃው ትኩስ ሲሆን ብቻ እየሾለከ ነው ማለት ነው፤ የኔ እንዲህ ነበር።

አንድ ጠብታ እንኳ ሳይታይ ውሃው ከቀነሰ የዘይት መለኪያውን ይሳቡ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ የቴስታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ መኪናውን ሳይነዱ መካኒክ ይጥሩ።

ጎማው ጫፉ ላይ ብቻ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ከፈቀደ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መመለስ ይቻላል። የሚገባበትን የብረት አንገት በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ያስለቅቁና በአዲስ ፋሸታ (ጎማውን በሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። በሽቦ ማሰር የተለመደ ነው፤ ሽቦ ግን ጎማውን እየበላ ይገባል። ሲጨብጡት የሚለሰልስ ወይም የሚንኮሻኮሽ ጎማ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። መንገድ ላይ ከሆኑ የከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ፣ ውሃ ይዞ፣ ቀስ ብሎ እስከሚቀጥለው ከተማ መሄድ ይቻላል። እኔን ደጀን ያደረሰኝ እሱ ነው።

የውሃ ፓምፕ ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ከተንጠባጠበ ውስጡ አልቋል፤ ቀዳዳዋን ከመድፈን ፓምፑን መቀየር ነው። የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ይበየዳል። ላይና ታቹ ፕላስቲክ የሆነው ሲሰነጠቅ ግን ማጣበቂያው ብዙ አይቆይም። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላልና ቁንዶ በርበሬ መጨመርን አልመክርም፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦም ይደፍናል። «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚል መካኒክም አጋጥሞኛል። እሺ ብዬ፣ በደብረ ማርቆስ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ እየዋለ ቤንዚን ሲጠጣብኝ ከረመ።

ወደ ኩላንቱ፣ ማለትም ከራዲያተሩ ውሃ ጋር ወደሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ እንምጣ። ቀለም ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ የሁለት ፋብሪካ ቀይ አንድ ላይሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ራዲያተሩ ከምን እንደተሠራ ነው። ጥግ ላይ በቢላ ጫር ሲያደርጉት ቢጫ ከወጣ የመዳብና የነሐስ፣ በእርሳስ የተበየደ ነው። ለዚህ በየሁለት ዓመቱ የሚለወጠው የድሮው ዓይነት ኩላንት ይስማማል፤ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። አምስት ዓመት ይቆያሉ የሚባሉት አዳዲሶቹ ለአሉሚኒየም የታሰቡ ናቸው፤ ከእርሳስ ብየዳ ጋር አይዋደዱም። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለዎት ግን የእሱ ቃል ከኔ ይቀድማል። ሁለት ዓይነት አይቀላቅሉ፤ አንዳንዱ ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይረጋል። ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካላወቁ ያውጡትና፣ በንጹህ ውሃ ሞልተው፣ ማሞቂያውን ከፍተው ሞተሩን ሩብ ሰዓት ያሠሩ። ሲበርድ ይድፉት፤ ጠርቶ እስኪወጣ ይደጋግሙ። አሮጌውን ኩላንት በጄሪካን ይሰብስቡ እንጂ ቦይ ውስጥ አይልቀቁት። ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ጥጃም ልሶት ይሞታል።

ያልተበጠበጠ ኩላንት ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው፦ 6 ሊትር ለሚይዝ 3 ሊትር ኩላንት፣ 3 ሊትር ውሃ። ይህ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። የጮቄ ውርጭ እንዲህ አይጠይቅም፤ እኛን የሚጠቅመን ዝገት መከላከሉ ነው። ውሃው የተጣራ ይሁን፣ ካልተገኘ ንጹህ የዝናብ ውሃ። «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲገዙ ግን አሲድ እንዳይሰጡዎት ያረጋግጡ።

ሲሞሉ የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ቀስ እያሉ ሞልተው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያስነሱና የላይኛውን ጎማ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉት። አረፋው እየወጣ ውሃው ዝቅ ሲል ይጨምሩ። የላይኛው ጎማ ሲሞቅና አረፋው ሲያቆም ይክደኑት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ ከፍተው የጎደለውን ይሙሉ። ከዚያም ደምበጫ ደርሰው ይመለሱበትና ቀዝቅዞ መጠኑን ይዩ፤ ካልቀነሰ ወደ በረሃው መውረድ ይችላሉ።